ዝም ያሰኘነው ጩኸት

(በእንሴኖ ከተማ ለሹፌሮች፣ ለተሳፋሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



በእጄ የያዝኩትን ነገር ከኋላ የተቀመጣችሁም እንድታዩት ከፍ ላድርገው። የመኪና ቀበቶ ምላስ ነው፤ ቀበቶ ግን የለውም፣ ብረቱ ብቻ ነው። ሹፌሩ ከወንበሩ ጎን ባለው መቆለፊያ ውስጥ ይሰካዋል፣ ቀጭ ይላል፣ መኪናውም ቀበቶ የታሰረ መስሎት መጮኹን ያቆማል። ከመለዋወጫ ሱቅ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል። ይህኛውን የነቀልኩት ባለፈው ወር፣ ቡታጅራ እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ ለጥገና ከገባ መኪና ላይ ነው። ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው የነቀልኩት። "ውሰደው፣ ሌላ እገዛለሁ" አለኝ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል ሽቦ ስፈታና ስቀጥል ኖሬያለሁ። ጉዳዩ ስለዚህ ብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ እናንተን ከሥራችሁ አላስፈታም ነበር። አሁን ግን መሪያቸውን ራሳቸው የሚያዞሩ፣ ፍሬናቸውን ራሳቸው የሚይዙ መኪኖች ወደ አገራችን ገብተዋል። እነዚህ መኪኖች ሹፌሩ ሲዘናጋ ይጮሃሉ። እኛ ደግሞ የሚጮህ ነገር ዝም ማሰኘት ከለመድን ቆይተናል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ አስቀድመን እንነጋገር ብዬ ነው የመጣሁት።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲና መሰሎቻቸው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በዝተዋል፤ ወደ እኛም አገር ብቅ ማለት ጀምረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። የፊት መስታወታቸው ላይ ካሜራ፣ ከፊት መከላከያቸው ውስጥ ራዳር ያላቸው አሉ። የመንገዱን ነጭ መስመር እያዩ መሪውን ያስተካክላሉ፣ ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀታቸውን ይጠብቃሉ። ሹፌሩ እጁን አንስቶም መኪናው ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው "ይቺ መኪና ራሷን ትነዳለች" ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ትክክል አይደለም።

የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው ኤስኤኢ የመኪናን ራስ በራስ መሄድ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎታል። በ5ኛው ደረጃ ሹፌር ጨርሶ አያስፈልግም። ዛሬ ሰዎች ገዝተው የሚነዷቸው አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መኪኖች 2ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። 2ኛ ደረጃ ማለት መኪናው መሪውንም ፍጥነቱንም ያግዛል፣ መንገዱን መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው፤ ተጠያቂውም ሰው ነው ማለት ነው። መኪናው ረዳት ነው፣ እናንተ ሹፌር ናችሁ። ረዳት መሪ ይዞ ሹፌር ከኋላ ወንበር ቢተኛ ተሳፋሪው ዝም ይላል?

ታዲያ መኪናው ሹፌሩ መተኛቱን በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ሙያዬ ነውና ላብራራው። የሰው እጅ መሪ ላይ ሲያርፍ ክብደት አለው፣ ሰውየው ሳያስበውም በትንሽ በትንሹ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል። በመሪው ዘንግ ላይ ያለ መለኪያ ያንን ግፊት ያነባል። በሌሎች መኪኖች በመሪው ቆዳ ሥር የተዘረጋ ስስ ሽቦ የእጅን ንክኪ ይለያል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሹፌሩን ዓይን ፊት ለፊት የሚከታተለው ካሜራ ነው፤ እጅ መሪ ላይ ሆኖ ዓይን ስልክ ላይ ሊሆን ይችላልና። መኪናው እጅ ወይም ዓይን ሲያጣ በሰሌዳው ላይ መብራት ያበራል። መልስ ካላገኘ ይጮሃል። አሁንም ካጣ ጩኸቱን ያከብደዋል፣ አንዳንዱ ፍሬን ነካ እያደረገ ሹፌሩን ይነቀንቃል፣ በመጨረሻም እያቀዘቀዘ ይቆማል።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ የሚነግድ የአካባቢያችን ልጅ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ጋራዥ መጣ። "ጋሼ፣ ይቺን ጩኸት ገላግለኝ፤ ረጅም መንገድ ስሄድ ታሰለቸኛለች" አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ከከተማ ወጣ አልን። መሪውን ሲለቅ መጀመሪያ እጅና መሪ የተሣለበት ምልክት በራ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ በቻይንኛ ተናገረ። "ይኸውልህ፣ ይቺው ናት" አለኝ። "ምን እንደምትል ታውቃለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ ማስታወቂያ ይመስለው እንደነበር ነገረኝ። መኪናውን አቁመን ድምፁን በስልክ አስተረጎምነው። "መሪውን ይያዙ" ነበር የምትለው። ልጁ ለብዙ ጊዜ ሳይናገር መሪውን አየ። ለወራት ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሲመላለስ በየመንገዱ ስትለምነው ኖራለች። ሽቦ ሳንቆርጥ የቋንቋ ምርጫ ፈለግንላት፤ በእንግሊዝኛ አገኘንላት። በአማርኛ የለም። ያስጠነቀቀችው በማያውቀው ቋንቋ ነበርና ልጁ ላይ አልፈረድኩም። መኪና የሚያስመጡ ነጋዴዎች ግን ቢያንስ አንዲት ገጽ በአማርኛ ጽፈው፣ ይህ ምልክት ይህን ማለት ነው ብለው ከቁልፉ ጋር ቢሰጡ ከትርፋቸው የሚጎድል ነገር የለም።

ይህ ልጅ ያልሰማው ስላልገባው ነው። ገብቶት የሚያታልልም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ መሪ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ክብደት በይፋ ይሸጥ ነበር። መኪናው ክብደቱን ሲያገኝ እጅ ይመስለዋል። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ሻጩን አቁም አለው። ሌሎች ብርቱካን መሪው ውስጥ ይወትፉ ነበር። እዚህ በእጄ ካለው ብረት በምን ይለያል? እዚያ ማግኔት ነው፣ እዚህ የቀበቶ ምላስ ነው፤ ሥራው አንድ ነው።

የጆሽዋ ብራውንን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካዊ ነው፣ የቴስላ ሞዴል ኤስ ባለቤት ነበር፣ መኪናውን እጅግ ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 መጀመሪያ በፍሎሪዳ ሲጓዝ አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና መንገዱን አቋርጦ ፊቱ ተደቀነ። መኪናውም እሱም ፍሬን አልያዙም። ከተሳቢው ሥር ገብቶ ሞተ። መርማሪዎቹ የመኪናውን መዝገብ ሲያነቡ፣ መሪው በራሱ ይሠራ በነበረበት 37 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ እጁ መሪው ላይ የተገኘው ለ25 ሰከንድ ብቻ ነበር። መኪናው 7 ጊዜ አስጠንቅቆታል። ባስጠነቀቀው ቁጥር እጁን ለአፍታ ያሳርፋል፣ መልሶ ያነሣል። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በእሱና በከባድ መኪናው ሹፌር ላይ ብቻ አልጣሉትም። መኪናውም ሰውን ለረጅም ጊዜ እጁን አንስቶ እንዲሄድ መፍቀዱን ነቅፈዋል። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023፣ የቴስላ ኩባንያ የሹፌሩን ትኩረት መከታተያው በቂ አይደለም ተብሎ በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ መኪኖቹን ፕሮግራም እንዲያስተካክል ሆኗል።

የቅርቡ ደግሞ ከቻይና ነው፤ መኪኖቻችን የሚመጡት ከዚያ ስለሆነ ይበልጥ ይመለከተናል። መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አንሁዊ በምትባለው ክፍለ ሀገር አንዲት ሻኦሚ ኤስዩ7 መኪና በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር በራሷ እየተመራች ትሄድ ነበር። ኩባንያው ባወጣው መዝገብ መሠረት ከግጭቱ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ "መሪውን ይያዙ" የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። ፊት ለፊት መንገዱ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። መኪናዋ እንቅፋቱን አይታ ስትጮህ ለሹፌሯ የቀራት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። መሪውን ያዘች፣ አልደረሰችም። መኪናዋ ከኮንክሪት መከለያ ጋር ተጋጨች፤ ውስጧ የነበሩ ሦስት ወጣት ሴት ተማሪዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር የቻይና መንግሥት መኪና ሠሪዎች በማስታወቂያቸው "በራሱ የሚነዳ" እያሉ ሕዝቡን እንዳያሳስቱ አስጠነቀቀ።

ይህን ስናገር "እዚያ ያለው አደጋ እዚያው ይቅር፣ እኛ እንደዚያ አንነዳም" የሚል ይኖራል። እኔ የምፈራው ግን የእኛው መንገድ ይብሳል ብዬ ነው። ከሞጆ ተነስቶ በፍጥነት መንገዱ ወደ ባቱ የሚመጣ ሹፌር አስቡ። መንገዱ በአጥር የተከለለ ነው፣ መስመሩ የተሰመረ ነው፣ እንስሳ አይገባበትም። መኪናው ኮራ ብሎ ይሄድለታል፣ ሹፌሩም ያምነዋል። ከባቱ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቆሼ በኩል ወደ እኛ ሲመጣ ግን ያው እምነቱ አብሮት ይመጣል። መሸት ሲል የማረቆ በርበሬ በጆንያ የጫነ ጋሪ ያለ አንጸባራቂ ከፊቱ ይሄዳል። ልጅ ከብቶቹን ወደ ቤት እየነዳ ይሻገራል። ባጃጅ ተሳፋሪ አየሁ ብሎ ድንገት ይዞራል። እናት ጄሪካን አዝላ በመንገዱ ዳር ትሄዳለች። ካሜራው ነጭ መስመር ይፈልጋል፣ መስመሩ በአቧራ ጠፍቷል። እዚህ የሚያየው የሰው ዓይን ብቻ ነው፣ ያ ዓይን ስልክ ላይ ከሆነ ማንም አያይም።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዲት መልእክት ለማንበብ 5 ሰከንድ ቢወስድ 111 ሜትር ነው፤ የኳስ ሜዳ ከጎል እስከ ጎል ዓይን ጨፍኖ እንደመሮጥ ነው። በመሐል ልጅ ካለ አለ።

የአገሬ ሹፌር ምልክት አያከብርም ሲባል እሰማለሁ፤ አልስማማም። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ሲያደርግለት ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ ትርፍ የጫነው ደግሞ "ጎንበስ በሉ" ይላል። አንድም ቃል ሳይነገረው ገብቶታል። ምልክቱን ያከበረው ከኩርባው በስተጀርባ ትራፊክ ፖሊስ ስላለ ነው። የመኪናው ጩኸት ግን ከኩርባው በስተጀርባ ሞት ሊኖር ይችላል እያለው ነው፤ እሱን ነው በብረት የምንዘጋው። ቀበቶ ማሰርን ያዘዘው፣ እየነዱ በእጅ ስልክ መነጋገርን የከለከለው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ደንብ ባለበት አገር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያም እንዲገጠም ሲታዘዝ፣ ቦሎ ለማውጣት ሲደርሱ አስቀጥለው ቦሎውን ሲለጥፉ ቁረጥልን ብለው እኔው ዘንድ የመጡ አሉ።

አሁን ስለራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ሹፌር የቀበቶው ጩኸት ራሴን አዞረኝ ብሎ መጣ። ሽቦውን ፈልጌ ቆረጥኩ፣ በቴፕ ጠቀለልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሒሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት። ከጊዜ በኋላ ያው መኪና ለሌላ ሥራ ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ ተለውጧል። አዲሱ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ የመጣ ትሑት ሰው ነው፤ መኪናው ድሮ ይጮህ እንደነበር እንኳ አያውቅም። ዝምታው አብሮ ተሸጦለታል። ሚስቱ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ አንዳቸውም ቀበቶ አላሰሩም፤ ማንም አልነገራቸውማ። ሽቦውን ያለ ክፍያ መልሼ ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሥራ አልሠራም። አንድ ሹፌር ጩኸቱን ሲያጠፋ ለራሱ ብቻ የወሰነ ይመስለዋል፤ ከእሱ በኋላ ለሚገዛው፣ አጠገቡ ለሚቀመጠው፣ ጋሪ ይዞ ፊቱ ለሚሄደውም እየወሰነ ነው።

"ማሽኑስ ሁልጊዜ ልክ ነው ወይ?" ብትሉኝ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎችን ይዞ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን አውሮፕላን አንረሳውም። ከአንድ መለኪያ የመጣ የተሳሳተ መረጃ የኮምፒውተሩን ሥርዓት አሳስቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው፤ አብራሪዎቹ ታገሉት፣ አልቻሉም። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ "ሁለቱ መለኪያዎች አይስማሙም" የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ ግን እንዲሠራ አልተደረገም ነበር። ከፋብሪካው ዝም ብሎ የወጣ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። አውሮፕላኑን የሠራው ኩባንያ ይህን በይፋ ያመነው ከአደጋው በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ የአገራችን አውሮፕላን በ37,000 ጫማ ከፍታ መውረጃውን አልፎ ሄደ፤ የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ቢጠሩት አልመለሰም። ሁለቱ አብራሪዎች እንቅልፍ እንደጣላቸው በዓለም ዙሪያ ተዘገበ። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ ሥራውን ሲለቅ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ አብራሪዎቹ ነቁ፣ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ጉዳዩ እስኪጣራ አብራሪዎቹን ከሥራ አግዷል። አንድ ሰው "ይህ ነገር ያሰለቻል" ብሎ ያንን ሽቦ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጣቸው ነበር?

ጩኸትም በልክ መሠራት አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1974 ሞዴል መኪኖች ቀበቶ ካልታሰረ ሞተራቸው እንዳይነሣ ተደርገው ነበር። የአስቤዛ ዘንቢል ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሰው ነው ብለው ቀበቶ ይጠይቁ ነበር። ሕዝቡ ተማረረ፣ ሽቦ ቆረጠ፣ በመጨረሻ የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ አስቀረው፤ ማስጠንቀቂያውም ከ8 ሰከንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ያለ ቦታው የሚጮህ ነገር ሰውን ጠላት ያደርጋል። ስለዚህ መኪናችሁ ያለ ምክንያት ከጮኸ ብልሽት ነው ብላችሁ አምጡት፤ ብልሽት ይጠገናል። ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ቀላል ነው፤ ጭቃ ራዳሩን ሸፍኖታል፣ አቧራ ካሜራውን ጋርዶታል። በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ዝምታ ጤና ነው።

ተሳፋሪዎችም ዝም አትበሉ። ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ስልክ ሲያነሣ ሁላችንም መስኮት መስኮት እናያለን። ሽማግሌ ካለ "ልጄ፣ እባክህ አቁመህ አውራ" ቢል የሚቆጣ ሹፌር ብዙ አላየሁም። የማንም ማሽን የሽማግሌን ቃል ያህል አይሰማም። የጋራዥ ባልደረቦቼን ደግሞ በወንድምነት እለምናለሁ፤ ያንን ሽቦ አንቁረጥ። ደንበኛው ሌላ ጋራዥ ይሄድብኛል ካላችሁ፣ ሌላውም ጋራዥ እምቢ ካለ የሚሄድበት የለውም። እንሴኖ፣ ቡታጅራ፣ ቆሼ ያለን ሠራተኞች ቁጥራችን ያን ያህል አይደለም፤ ተጠራርተን መስማማት እንችላለን።

ስጨርስ ይህን ብረት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። መኪናው ውስጥ እንዲህ ያለ ያለው ሰው፣ ደጅ ወጥቶ ነቅሎ መጥቶ አጠገቡ ያኑርልኝ። ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም። እስኪመሽ እዚሁ እቆያለሁ።